ካርታ እንዴት ለምርጫ ይቀርባል? የምርጫ ክልልን መስመር ከፖለቲከኞች እጅ ለማውጣት የሞከሩ ዜጎች

በኖቬምበር 2025 የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደው ሰው ሳይሆን ካርታ መርጠው ተመለሱ። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ አድማጮች ወሬውን በስልክ ሰምታችሁ «ካርታ ደግሞ እንዴት ይመረጣል?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን በሬዲዮ ሰዓታችን አልገባ ስላለ እዚህ ሰፋ አድርገን ጽፈነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ግር የሚለን እዚህ እስራኤል ውስጥ ስለሌለ ነው። ለክኔሴት ምርጫ መላው አገር አንድ የምርጫ ክልል ነው። በ1958 የወጣው የክኔሴት መሠረታዊ ሕግ ምርጫው አገር አቀፍና ተመጣጣኝ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ እዚህ ኪርያት ጋት ካልፒ ውስጥ የገባው ፔቴክ፣ ሐይፋና ኔቲቮት ከገባው ጋር አንድ ላይ ይደመራል፤ 120ው መቀመጫም ፓርቲዎቹ በመላው አገር ባገኙት ድምፅ ልክ ይከፋፈላል። መንገዱ በየት በኩል እንዳለ፣ ሰፈራችን ከየትኛው ሰፈር ጋር እንደተመደበ ለውጤቱ ምንም አያመጣም።

ኢትዮጵያ ግን እንዲህ አልነበረም፣ ዛሬም አይደለም። በ1955 የተሻሻለው የንጉሡ ዘመን ሕገ መንግሥት አገሩ በግምት 200,000 ነዋሪ ባለው የምርጫ ወረዳ እንዲከፋፈልና እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ እንዲልክ ያዝዝ ነበር። የመጀመሪያው ምርጫም በ1957 ተደረገ። ለመመረጥ በወረዳው ነዋሪ መሆን ብቻ አይበቃም፤ እዚያው ንብረት ያለው ሰው መሆን ያስፈልግ ነበር። ርስት ስላልነበራቸው በሰው መሬት ላይ እያረሱ ለኖሩት ብዙ የቤተ እስራኤል አባቶቻችን ይህ ምን ማለት እንደነበር ለእናንተ አላስረዳም። ከ1995 ወዲህ ባለው ሥርዓት ደግሞ አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልሎች ተከፋፍላ፣ በየክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ፓርላማ ይገባል። (የምርጫ ክልል ስንል እንደ አማራ ክልል ያለውን ማለታችን አይደለም፤ አንድ ተወካይ የሚመርጠውን ሕዝብና ቦታ ነው።) በ2005 ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫ በሙሉ ሲወስድ፣ በከተማዋ ገዢውን ፓርቲ የመረጠ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ፤ ግን በየሰፈሩ ስለተሸነፈ ድምፁ ከሌላ ሰፈር ድምፅ ጋር ተደምሮ አንድ ወንበር እንኳ ሊያመጣ አልቻለም። አሸናፊ ብቻ በሚያልፍበት አገር መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ብዙ ነገር ይወስናል።

እንግዲህ እንደ ድሮው በጥቁር ሰሌዳ ላሳያችሁ። አንድ መንደር ውስጥ 15 ቤት አለ እንበል። ዘጠኙ የውኃ ጉድጓዱ ከዋርካው ሥር እንዲቆፈር ይፈልጋሉ፣ ስድስቱ ከወፍጮው አጠገብ። ሁሉም በአንድ ላይ እጅ ቢያወጡ ዋርካው 9 ለ 6 ያሸንፋል። አሁን ግን ሽማግሌው «በሦስት ቡድን ተከፈሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን አምስት ቤት ይሁን፣ ቡድኑ በብልጫ አንድ ተወካይ ይላክ» አለ እንበል። ሽማግሌው ራሱ የወፍጮው ወገን ነው፤ ቡድኑን የሚያቧድነውም እሱ ነው። ከዋርካው ወገን አምስቱን በአንድ ቡድን ያጉራቸዋል። የቀሩትን አራት ሁለት ሁለት አድርጎ በሁለቱ ቡድኖች ይበትናቸዋል፣ በእያንዳንዱም ሦስት የወፍጮ ሰው ይጨምርባቸዋል። ውጤቱን ቁጠሩት። የመጀመሪያው ቡድን የዋርካ ነው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው 3 ለ 2 የወፍጮ ናቸው። ስድስቱ ሁለት ተወካይ፣ ዘጠኙ አንድ ተወካይ አገኙ። ማንም ድምፅ አልሰረቀም፣ ማንም ሳጥን አልሰበረም። ጉድጓዱ ግን ወፍጮው አጠገብ ተቆፈረ።

ማጎርና መበተን፤ የካርታው ተንኮል ከእነዚህ ከሁለቱ አያልፍም። አሜሪካኖች ጄሪማንደሪንግ ይሉታል። ስሙ የመጣው በ1812 የማሳቹሴትስ ገዢ ከነበረው ከኤልብሪጅ ጌሪ ነው። የእሱ ወገን ለግዛቱ ሴኔት ያወጣው ካርታ አንዱ ክልል ተጠማዞ ሳላማንደር የምትባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት ይመስል ነበር። የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮ ሳለበትና የሰውየውን ስም ከእንስሳዋ ስም ጋር ገጣጠመው። በዚያው ዓመት ምርጫ የጌሪ ወገን ከግማሽ ያነሰ ድምፅ አግኝቶ ከ40 መቀመጫ 29ኙን ወሰደ። ሰውየው በኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ የሚታወሰው ግን በእንሽላሊቷ ነው።

በአሜሪካ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል፣ ካርታውም እንደገና ይሣላል። በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚሥሉት የግዛቱ ምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ማለትም በዚያው ካርታ የሚመረጡት ሰዎች። ድሮ በእጅ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተር የየሰፈሩን የምርጫ ውጤት ከፊታቸው ስለሚደረድርላቸው መስመሩን በየመንገዱ ይቀይሱታል። ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም ሥልጣኑ በእጁ ባለበት ቦታ ሠርቶታል። በጁን 2019 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ለፓርቲ ጥቅም የተሣለ ካርታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚዳኙት ጉዳይ አይደለም ብሎ በሩን ዘጋ። በግዛት ደረጃ ግን መፍትሔ ሊገኝ እንደሚችል በዚያው ውሳኔ ተጠቅሷል።

ከእነዚያ መፍትሔዎች አንዱ ሕዝቡ በራሱ የሚያመጣው ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች በግማሽ ያህሉ ዜጎች በቂ ፊርማ ካሰባሰቡ የሕግ ሐሳብ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ ይችላሉ። ምክር ቤቱ ወደደም ጠላም ጥያቄው በምርጫው ወረቀት ላይ ይወጣል፣ ሰው «አዎ» ወይም «አይ» ይላል። የራሱን ወንበር የሚያስጠብቅለትን ብዕር በፈቃዱ የሚያስረክብ ፖለቲከኛ ስለማይገኝ፣ ካርታን በሚመለከት ይህ መንገድ ትልቅ ዋጋ አለው።

የሚሺጋን ታሪክ ደህና አድርጎ ያስረዳል። ኬቲ ፋሂ የተባለች የ27 ዓመት ወጣት፣ በፖለቲካ ሥራ ያልነበረች፣ ከ2016 ምርጫ ሁለት ቀን በኋላ በፌስቡክ ላይ «በሚሺጋን ይህን የካርታ ነገር መታገል እፈልጋለሁ፣ የሚፈልግ ይንገረኝ» የሚል አጭር መልእክት ጻፈች። ከዚያ ቡድን ተፈጠረ፤ ስሙም «መራጮች እንጂ ፖለቲከኞች አይደሉም» ማለት ነው። በመጀመሪያ ፊርማ አልለመኑም። በ33 ቀን 33 ስብሰባ በየከተማው አደረጉና ሕዝቡ ምን ዓይነት ሕግ እንደሚፈልግ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ነው በጎ ፈቃደኞች በገበያ፣ በስታዲየም በር፣ በአውራ ጎዳና ማረፊያ ሳይቀር ቆመው ፊርማ የሰበሰቡት። የሚያስፈልገው 315,654 ነበር፤ እነሱ ከ425,000 በላይ አመጡ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዘመቻ በፊርማ ቁጥር እየከፈለ ሰው ይቀጥራል፤ እዚህ ግን ያለ ክፍያ ነው የተሠራው። ተቃዋሚዎች ከሰሱ፣ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 4 ለ 3 ለዜጎቹ ፈረደ፤ በኖቬምበር 2018 ደግሞ 61 በመቶ የሚሆነው መራጭ «አዎ» አለ።

ያቋቋሙት ኮሚሽን 13 ሰው አለው። አራት ከዴሞክራት፣ አራት ከሪፐብሊካን፣ አምስት ከሁለቱም ያልሆኑ። ፖለቲከኛ፣ የፓርቲ ሹም፣ የጉዳይ ገዳይ ሥራ የሚሠራ፣ የእነዚህም የቅርብ ዘመድ አይገባም። ማመልከቻ ያስገቡት ከ9,000 በላይ ነበሩ፤ አባላቱ በዕጣ ወጡ። ካርታ እንዲጸድቅ ከሦስቱም ወገን ቢያንስ ሁለት ሁለት ሰው መስማማት አለበት፣ ስብሰባውም በአደባባይ ነው። በዕጣ የሚለውን ሰምተው የሚስቁ አሉ። እኔ ግን አላዋቂነት አይመስለኝም፤ የዕጣ ወረቀት አማች የለውም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም፣ በተለይ እንደ እኛ ላለ አነስተኛ ማኅበረሰብ የሚቀጥለው ክፍል መሰማት አለበት። አዲሱ ኮሚሽን በዲትሮይት ከተማ ያሉትን የጥቁሮች ሰፈሮች ከነጮች የከተማ ዳር መንደሮች ጋር እያጣመረ ረጃጅም ክልሎች ሣለ። ጥቁር መራጮች በብዛት የነበሩባቸው ክልሎች ሳሱ። ነዋሪዎች ከሰሱ፤ በዲሴምበር 2023 የፌዴራል ዳኞች 13 ክልሎችን በዘር መሠረት የተሣሉ ናቸው ብለው ሰረዙ፣ ኮሚሽኑም በ2024 እንደገና እንዲሥል ተገደደ። የፓርቲ ተንኮል አልነበረበትም። ነገር ግን የተበተነው ሰፈር መበተኑን እንጂ በማን እጅ እንደተበተነ አይጠይቅም። ገለልተኛ ኮሚሽን የፓርቲን አድልዎ ይቀንሳል፤ ማን ከማን ጋር መመደብ እንዳለበት ግን ሰፈሩ ራሱ ስብሰባው ላይ ሄዶ ካልተናገረ አያውቅም።

ሚሺጋን የመጀመሪያዋ አልነበረችም። አሪዞና በ2000 በሕዝብ ድምፅ የአምስት ሰው ኮሚሽን አቋቁማለች። የግዛቱ ምክር ቤት ሥልጣኔን ቀማችሁኝ ብሎ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ2015 5 ለ 4 ተረታ። ውሳኔውን የጻፈችው ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናት። ካሊፎርኒያም በ2008 ለግዛቱ ምክር ቤት፣ በ2010 ደግሞ ለኮንግረስ ካርታ 14 ዜጎች ያሉበትን ኮሚሽን አጽድቃለች። ኮሎራዶም በ2018 ተከተለች።

የተሰጠው ድምፅ መልሶ ሲወሰድስ? በዩታ በ2018 ሕዝቡ በጣም በጠባብ ልዩነት ኮሚሽን አጸደቀ። ምክር ቤቱ በ2020 ሕጉን አፍርሶ ኮሚሽኑን አማካሪ ብቻ አደረገው። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጁላይ 2024 ሕዝብ መንግሥትን ለማሻሻል ያወጣውን ሕግ ምክር ቤቱ እንዳሻው ሊሽረው አይችልም ብሎ ፈረደ፤ በመካከል ግን ስድስት ዓመት አለፈ።

የሚዙሪው ደግሞ የበለጠ ብልጠት አለበት። ሕዝቡ በ2018 በ62 በመቶ ያጸደቀውን የካርታ ሕግ ምክር ቤቱ በ2020 እንደገና ለሕዝብ አቀረበው። ግን በምርጫው ወረቀት ላይ መጀመሪያ ያስቀመጠው ስለ ካርታ አልነበረም፤ ለሕግ አውጪዎች የሚሰጥ ስጦታን ስለመከልከል ነበር። ቀድሞ እስከ 5 ዶላር ይፈቀድ የነበረው ስጦታ ወደ ዜሮ ወረደ፣ ለእጩዎች የሚሰጠው መዋጮም ከ2,500 ወደ 2,400 ዶላር ቀነሰ። የካርታው ለውጥ ከነዚህ በታች ተቀመጠ። ጥያቄው በ51 በመቶ አለፈ፣ የ2018ቱ ሥራም ፈረሰ። አምስት ዶላር የሚያክል ማር ከላይ ቀብቶ መድኃኒቱን ከሥር ማድረግ ይህ ነው።

እንዲህ ስል ዋናው ጉዳይ ወደ ወረቀቱ ቃል እየመጣ መሆኑን ልብ ብላችኋል። ብዙዎቻችን ዘመድ ባለንበት በሜሪላንድ የሆነውን ተመልከቱ። እዚያ ዜጎች አዲስ ሕግ በራሳቸው ማቅረብ ባይችሉም፣ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ በፊርማ ለሕዝብ ፍርድ ሊያቀርቡ ይችላሉ። በ2011 ዴሞክራቶች የሣሉት የኮንግረስ ካርታ በጣም የተጠማዘዘ ነበር፤ አንድ የፌዴራል ዳኛ ከክልሎቹ አንዱን ክንፉ ተሰብሮ የተዘረጋ ጥንታዊ በራሪ አውሬ ብሎታል። ተቃዋሚዎች ከ55,000 በላይ ፊርማ አሰባስበው በ2012 ለሕዝብ አቀረቡት። ወረቀቱ ላይ የወጣው ጥያቄ ግን በአጭሩ፣ በሕገ መንግሥቱ መሠረት በሕዝብ ቆጠራው ተመሥርተው የወጡትን ስምንት የኮንግረስ ክልሎች ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ የሚል ነበር። ካርታው አልተያያዘም፣ አውሬው አልታየም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እናት ይህን አንብባ ምን ትላለች? ሕጋዊ ነገር ነው ብላ «አዎ» ትላለች። 64 በመቶም እንዲሁ አለ።

ኦሃዮ በ2024 ደግሞ ተገላቢጦሹ ሆነ። የቀድሞዋ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሞሪን ኦኮነር፣ ራሷ ሪፐብሊካን፣ ፖለቲከኞችን አስወጥቶ 15 ዜጎችን የሚያስገባ ሐሳብ ይዛ ተነሣች። የወረቀቱን ቃል የሚያጸድቀው ሐሳቡን በሚቃወሙ ሹማምንት የሚመራ ቦርድ ነበር። እነሱም አዲሱ ኮሚሽን ጄሪማንደሪንግ እንዲያደርግ ይገደዳል ብለው ጻፉበት፤ ሊያጠፋው የመጣውን ነገር ያመጣዋል ማለት ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ቃሉ በአብዛኛው ጸና። ተቃዋሚውም ደጋፊውም «ጄሪማንደሪንግ ይቁም» የሚል ምልክት በየግቢው ተክሎ ስለነበር ብዙ ሰው ግራ ተጋባ። ሐሳቡ 54 ለ 46 ያህል ተሸነፈ። እንግሊዝኛ አጥርቶ የሚያነበው ሰው እንዲህ ከተሳሳተ፣ በሁለተኛ ቋንቋ የሚያነበው ሰው ያለበትን አስቡት። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣላቸው «አዎ ብል ምን ይለወጣል? አይ ብልስ ምን እንዳለ ይቀራል?» ብለው ቀድመው በአማርኛ አንድ ሰው እንዲያስረዳቸው ንገሯቸው።

አሁን ወደ 2025ቱ የካሊፎርኒያ ጥያቄ መመለስ እንችላለን። በዚያ ዓመት በቴክሳስ ሪፐብሊካኖች፣ የአሥር ዓመቱ ቆጠራ ሳይደርስ፣ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ግፊት ተጨማሪ አምስት መቀመጫ ያስገኝልናል ያሉትን ካርታ አወጡ። የካሊፎርኒያ ገዢ ጋቪን ኒውሰምና የግዛቱ ዴሞክራቶች ለበቀል ያህል የራሳቸውን ካርታ አዘጋጁ፤ ነገር ግን ካርታ የሚሥለው የዜጎች ኮሚሽን ስለሆነ ሕዝቡን መጠየቅ ነበረባቸው። ሕዝቡ 64 በመቶ ያህል «አዎ» ብሎ የኮሚሽኑን የኮንግረስ ካርታ እስከ 2030 ምርጫ ድረስ ወደ ጎን አደረገው። ብዕሩን ከፖለቲከኞች የወሰደው ሕዝብ ራሱ ለጊዜው መልሶ አዋሳቸው። «ጎረቤት ሲያጭበረብር እኛ ብቻ ለምን እንታመናለን?» ያሉም፣ «ይህማ ያው የቴክሳስ ሥራ ነው» ያሉም ነበሩ። እኔ ሁለቱም ወገን እውነት ያለው ይመስለኛል፤ ብቻ በካሊፎርኒያ ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ተነግሮ ሕዝብ ተጠየቀ፣ በቴክሳስ ግን ሕዝቡን የጠየቀው የለም።

እዚህ ያለን ሰዎችስ? መስመር የለንም ማለት ግድግዳ የለንም ማለት አይደለም። በእኛ አገር ያለው ግድግዳ አሑዝ ሐሲማ ነው፤ ፓርቲ ክኔሴት ለመግባት ከመላው ድምፅ ሊያገኘው የሚገባው ዝቅተኛ መቶኛ። እስከ 1992 ድረስ 1 በመቶ ነበር፣ ከ2014 ወዲህ 3.25 በመቶ ነው። በ2022 ምርጫ ይህ ከ150,000 ድምፅ በላይ ማለት ነበር፤ ሜሬጽ 3.16 በመቶ አግኝቶ ውጭ ቀረ፣ የመረጡት ሰዎች ድምፅም ወንበር ሳያመጣ ቀረ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ተቆጥረን ቁጥራችን አነስተኛ የሆነ ማኅበረሰብ በራሳችን ፓርቲ ይህን ግድግዳ መዝለል አንችልም። ለዚህ ነው በ1996 የመጀመሪያው የኛ የክኔሴት አባል አዲሱ መሰለ በሌበር፣ በኋላም እነ ፕኒና ታማኖ ሻታ በሌሎች ትልልቅ ፓርቲዎች ዝርዝር ውስጥ የገቡት።

እስራኤል በክልል ትከፈል የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ቤን ጉሪዮን ራሱ በ1950ዎቹ ይፈልገው ነበር፣ ከዚያም በኋላ በየጊዜው ይነሳል። ተወካያችንን በስሙ እናውቀዋለን፣ በሩን እናንኳኳለን ለሚሉ ደስ ይላል። ግን አንድ ቀን ከተነሳ የመጀመሪያው ጥያቄያችን መሆን ያለበት መስመሩን ማን ያሰምረዋል የሚለው ነው። ኪርያት ጋት ከኪርያት ማላኪ ጋር ብትመደብ የእኛ ድምፅ በአንድ ክልል ይጠናከራል፤ ሁለቱ ከተሞች ለየብቻቸው በትልልቅ ክልሎች ጫፍ ላይ ቢለጠፉ ደግሞ ይበተናል። ሕፃናት የሚመዘገቡበት የትምህርት ቤት ክልል በየት መንገድ እንደሚያልፍ የተከራከሩ ወላጆች ይህን ያውቁታል።

ፊርማ አሰባስበን ራሳችን ለሕዝብ ማቅረብ እንችላለን ወይ ለሚለው፣ በእስራኤል እንዲህ ያለ ሕግ የለም። በ2014 የወጣው የሕዝበ ውሳኔ መሠረታዊ ሕግ የእስራኤል ሕግ የሚሠራበትን መሬት አሳልፎ ስለመስጠት ብቻ ነው፤ እስካሁንም አንድ ጊዜ እንኳ ሥራ ላይ አልዋለም። አሑዝ ሐሲማን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው ክኔሴት ነው። አገር አቀፍና ተመጣጣኝ ምርጫ የሚለውን የመሠረታዊ ሕጉን አንቀጽ 4 ለመለወጥ ደግሞ ቢያንስ 61 የክኔሴት አባላት ድምፅ ያስፈልጋል።